«ከቆሻሻ የተሠራ» አትበሉት

በየጥቂት ወሩ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ስልካችን ላይ ይመጣል። አንድ ወጣት ከወዳደቁ ዕቃዎች የሠራውን ነገር ይዞ ካሜራ ፊት ይቆማል። አንዴ መኪና ነው፣ አንዴ ሄሊኮፕተር፣ አንዴ ጊታር። ከበስተጀርባ ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ ይለቀቃል። ጠያቂው «እውነት ይሄን ሁሉ ከቆሻሻ ነው የሠራኸው?» ይላል። ልጁ አንገቱን ደፋ አድርጎ «አዎ» ይላል። ከሥር በመቶ የሚቆጠር ሰው «አገሬ እኮ ልጅ አላት!»፣ «ደጋፊ ቢያገኝ የት ይደርስ ነበር!» ብሎ ይጽፋል። በሳምንቱ ሁላችንም እንረሳዋለን። ልጁ ግን አይረሳውም፤ ምክንያቱም ያቺን ዕቃ የገዛው የለም።

ዛሬ ስለ አንዱ ጊታር ልጽፍ ነው። እንደ ቪዲዮው እንዳልሆን እሞክራለሁ።

የምኖረው ለቡ ነው፣ ሙዚቃ ሰፈር በሚባለው በኩል። ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ በየደጁ ክራር የሚደረደር ይመስለዋል። የሚሰማው ግን የግራይንደር፣ የእንጨት መሰንጠቂያና የሲሚንቶ ማደባለቂያ ድምፅ ነው። ከእነዚህ የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት አለ። ቀን ቀን ቁምሳጥንና የኩሽና ካቢኔት ይሠራል፤ ማታና እሑድ ኤሌክትሪክ ጊታር። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጨርሷል። ስሙን አልጽፍም፤ ራሱ ነው የለመነኝ። «ጋሼ፣ ስም ከወጣ ሰው ይመጣል። መጥቶ ፎቶ ይነሣና ይሄዳል። ሥራ ያስፈታኛል» አለኝ። ትክክል ነው።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ወጣት ሳለሁ ጥቂት ጊታር ነካክቻለሁ፤ አሁንም ለራሴ ብቻ እጫወታለሁ። ልጁን የተዋወቅሁት መደርደሪያ ላሠራ ሄጄ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አይቼ «ይሄ ከየት የመጣ ጊታር ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ከጉለሌ» አለኝ። የጊታር ፋብሪካ ጉለሌ መኖሩን አላውቅም ነበር። የለምም። ጉለሌ የነበረው በሩ ነው።

አዎ፣ በር። ሦስተኛው ጊታሩ አካሉ የአንድ አሮጌ ቤት የውጭ በር ነበር። ጽድ ነው። ሞረድ ባለፈበት ቁጥር ሽታው አሁንም ይወጣል፤ ቤቱን ዕጣን የታጠነ ያስመስለዋል። ከአንድ ጎኑ ቀለሙን አልፋቀውም፤ አረንጓዴው ሥር ቡናማ፣ ቡናማው ሥር ሰማያዊ፣ ከሁሉም ሥር የጭስ ጥቁረት አለ። የቁልፉን ቀዳዳም አልደፈነውም። የድምፅ ማጉያና መቀነሻው የገባው በዚያው ቀዳዳ ነው፤ የሚዞረውም ከተበላሸ ሬዲዮ በተነቀለ ቁልፍ ነው። ግራ እጅ የሚሄድበት ጥቁር ንጣፍ የወይራ ነው። ከየት አመጣኸው ስለው ሳቀ። ዘነዘና ነው። አንዲት እናት ወፍጮ ቤት እያለ ማን ይወቅጣል ብለው ጥግ ካቆሙት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልጁ ሰንጥቆ ሲከፍተው ውስጡ እንደ ቀንድ የጠነከረና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ «ከወዳደቀ ዕቃ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁላችንም በአእምሯችን የምንሥለው የዘይት ጣሳ ላይ ዱላ ተሰክቶ ነው። ልጅ ሆነን የሠራነው ያንን ነውና። ጣሳ፣ ጣውላ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም የብስክሌት ፍሬን ሽቦ። ይጮሃል፣ ግን አይቃኝም። ጊታርን ጊታር የሚያደርገው መጮሁ ሳይሆን መቃኘቱ ነው።

ለመቃኘት ሒሳብ ያስፈልጋል። የዚህ ጊታር ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ 64.8 ሳንቲሜትር ነው። ጣት ክሩን የሚጫንባቸው የናስ ዘንጎች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ በግምት አይተከሉም። ርዝመቱን ለ17.817 ታካፍላለህ፤ የመጀመሪያው ዘንግ 3.64 ሳንቲሜትር ላይ ይተከላል። የቀረውን እንደገና ለዚያው ቁጥር ታካፍላለህ፣ ሁለተኛው ይገኛል። እንዲህ እያልክ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ልክ ግማሹ፣ 32.4 ላይ ካልወደቀ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል። አንድ ሚሊሜትር ስታልፍ ጆሮ ይይዝሃል። ልጁ ይህን ሁሉ በእርሳስ ያሰፈረበት የካርቶን ቁራጭ አለው። ካርቶኑን ከጊታሮቹ ሁሉ አብልጦ ነው የሚጠብቀው።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ አለ። ከክሮቹ ሥር የሚቀመጠውን ነገር ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሉታል (መኪናውን አይደለም)። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ ማግኔት አለ፣ ዙሪያውን የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል፣ ከላዩ የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ወደ ማጉያው ይሄዳል። ለዚህ ነው በናይለን ክር ወይም በጅማት የማይሠራው። ችግሩ ሽቦው ነው። ከፀጉር የቀጠነ፣ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ስድስት ያህል ብቻ ውፍረት ያለው ሽቦ መሆን አለበት፤ ያውም ሰባት ስምንት ሺህ ዙር የሚጠቀለል። የተቃጠለ ሞተር ውስጥ ያለው ሽቦ ለዚህ በጣም ወፍራም ነው። ልጁ ብዙ ፈልጎ ያገኘው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ነው። ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው ትንሹ ቫልቭ ውስጥ ያለው ጥቅል ልክ እንደሚፈልገው ቀጭን ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ማግኔቱ የቁምሳጥን በር ግጥም አድርጎ የሚይዘው ነው፤ የቀን ሥራው ላይ ከተሰበሩ ካቢኔቶች ያወጣዋል።

ስምንት ሺህ ዙር ማን ይቆጥራል? ካልኩሌተር። የካሴት ማጫወቻ ሞተር ሽቦውን ይጠቀልላል፣ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የእኩል ይሆናል ቁልፉን የሚነካ ነገር ገጥሞለታል። መጀመሪያ አንድ ሲደመር አንድ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሲል ያቆመዋል። ያን ቀን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሽቦው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ከዜሮ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። የክሮቹ መነሻ ላይ ያለችው ነጭ አጥንት ከሥጋ ቤት የመጣች የበሬ አጥንት ናት፤ ውድ ጊታሮችም ላይ ያለው እሱው ነው። የኤሌክትሪክ ጉድጓዱ ውስጡ በዱቄት ወተት ጣሳ ተለብጧል፤ ያለዚያ የቤቱ መብራት ሽቦ ጊታሩ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል። አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የግንባታ ፌሮ ነው፤ ስድስት የብረት ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ ወደ 45 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ስለሚጎትቱ አንገቱ እንዳይጎብጥ። የሚገዙትም አሉ። ክሮቹ፣ መቃኛ ጥርሶቹ፣ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ። እነዚህን በእጅ ልሥራ ማለት ጊዜ ማባከን ነው፤ ልጁም አይሞክርም።

እንግዲህ ንገሩኝ። እዚህ ውስጥ ቆሻሻው የቱ ነው?

ነገሩ ለእኛ አዲስም አይደለም። የብስክሌት ፍሬን ሽቦን እንውሰድ። ሽቦውን ብትፈቱት አብዛኛውን ጊዜ 19 ቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ የእያንዳንዱ ውፍረት ከጊታር ቀጭን ክር ጋር ይቀራረባል። ይህን የሰሃራ ልጆች ከእኛ በፊት አውቀውታል። የቲናሪዌን ባንድ መሥራች ኢብራሂም አግ አልሀቢብ የመጀመሪያ ጊታሩን የሠራው ከጣሳ፣ ከዱላና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። አባቱ በ1963 እ.ኤ.አ. በማሊ በተነሣው የቱዋሬጎች ዐመፅ ተገድለውበት በስደት ያደገ ልጅ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ባንዱ ግራሚ ወሰደ። የኒጀሩ ምዱ ሞክታርም እንዲሁ በብስክሌት ሽቦ ጀምሮ ዛሬ ዓለምን የሚዞር ጊታር ተጫዋች ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሲያገኙ እውነተኛውን ጊታር ያዙ። ጣሳው መነሻ ነበር። የለቡው ልጅ ደግሞ የተጣለውን መድረሻ ላድርገው ነው የሚለው። ይህ ሌላ ሥራ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ክራር አለ። በድሮው ክራር ገበቴው እንጨት፣ ከላይ ቆዳ፣ ክሩ ጅማት ነበር። ያገኘውን የብረት ሳህን ገበቴ ያደረገም አለ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ባህል ቤት ብትገቡ መድረኩ ላይ የምታዩት ኤሌክትሪክ ክራር ነው። አካሉ ድፍን ጣውላ፣ ክሩ የጊታር ብረት፣ መቃኛው የጊታር ጥርስ፣ ሥሩ ፒክአፕ። አጠገቡ ሆድ የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ ክራር አለ። ይህን ማን ሠራው? አብዛኛው የእኛው ሰፈር አናጢ፣ የእኛው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የእኛው ክራር ተጫዋች ተመካክረው ነው። ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ ኤምአይቲ ሄደው ክራርን ስለማዘመን ሲሠሩ ብዙ ተጻፈ፤ ሊጻፍም ይገባል። ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ጓዳ ውስጥ ካውያ ይዞ ይህንኑ ጥያቄ ሲፈታ የኖረውን ሰው ግን ማንም ስሙን አልያዘውም። እኔ ቢጠይቁኝ ኤሌክትሪክ ክራር በከተማችን በዚህ ሃምሳ ዓመት ከተፈጠሩ ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነው። አልተጋነነም።

ለምን ስሙ አልተያዘም? ይህ ጥያቄ ወደማንወደው ታሪክ ይወስደናል። በእኛ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው ይናቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ ነው፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው፣ ሸማኔውም ሸክላ ሠሪዋም የየራሳቸው ስድብ ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለው ነገር ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር አስቡት። ሙዚቀኛውስ? አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ስንት ዘመን እንደ ስድብ ተቆጥሮ ኖረ። እንግዲህ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ማለት የሁለቱ ንቀቶች መገናኛ ላይ ቤቱን የሠራ ሰው ነው። ከአንዱ ወገን ቀጥቃጭ፣ ከሌላው ወገን አዝማሪ። ዛሬ ያ ስድብ በግልጽ የለም። በእኔ እምነት ግን ቅርጹን ለውጦ አለ። ዛሬ መልኩ ጭብጨባ ነው።

ምን ማለቴ ነው? ምናለሽ ተራን ታውቃላችሁ፣ መርካቶ። የዘይት በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ጣሳ ኩራዝ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ ጫማ ሲሆን የሚውልበት ቦታ። እዚያ ማንም አያጨበጭብም። ሰው መጥቶ ምድጃውን ይገለብጣል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሠሪው ነገም ይሠራል። ልጆቹን ያበላል። ቆራሌውም ያው ነው። በየማለዳው «ቆራሌው!» እያለ ሰፈራችንን የሚዞረው ሰው የማንን ዕቃ በስንት እንደሚወስድ ያውቃል፤ የሚያዝንለት አይፈልግም፣ ሚዛኑን ብቻ ነው የሚፈልገው። የተጣለን ዕቃ መልሶ ዋጋ መስጠት ይህ ከተማ ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው። ዕቃው ጊታር ሲሆን ግን ድንገት ሁላችንም ተመልካች እንሆናለን። ምድጃ ሠሪው ጭብጨባ ሳያገኝ ይከፈለዋል፤ ጊታር ሠሪው ክፍያ ሳያገኝ ይጨበጨብለታል።

አራተኛውን ጊታር ሊገዛ የመጣውን ሰው አይቼዋለሁ። በየምሽት ክበቡ የሚጫወት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሰክቶ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተ። አወለቀው፣ አገላበጠው፣ እንደገና ሰካው። ዓይኑ ላይ ይታይ ነበር፣ ወዶታል። «ስንት ነው?» አለ። ልጁ «ሃያ ሁለት ሺህ» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። «ወንድሜ፣ ዕቃው እኮ የተጣለ ነው። ያወጣኸው ምንድን ነው?» አለ። አምስት ሺህ አቀረበ። ልጁ መልሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ያወጣኸው ምንድን ነው? መልሱን እኔ አስልቼዋለሁ። አንዱን ለመጨረስ ማታ ማታና እሑድ እሑድ እየሠራ ሁለት ወር ተኩል ይወስድበታል። ለሚገዙት ዕቃዎች ከኪሱ ይከፍላል። ሽቦ ፍለጋ የሚያባክነው ቀን፣ የተሰነጠቀበት አንገት፣ ተቃንቶ የነበረና ክረምት ሲገባ የጠመመ ጣውላ፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ የለም። ሃያ ሁለት ሺህ ብር ለሁለት ወር ተኩል ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የዘንድሮ አዲስ አበባ ነዋሪ ይፍረድ። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፣ ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም። ከውጭ የሚመጣ ጊታር ዋጋው ወዴት እንደሄደ ሙዚቀኞቹ ይነግሯችኋል። ያ ሰውዬም ያውቃል። ከውጭ የመጣው ላይ አይከራከርም፤ ዶላሩ ነው ይላል። የሰው ጉልበት ግን ዶላር ስላልሆነ ይረክሳል።

«ግን በእርግጥ ጥሩ ጊታር ይወጣዋል?» የሚል ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ፣ የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች፣ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተበትን ጊታር የሠራው በልጅነቱ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ ነው። አንገቱ የአሮጌ ምድጃ መክበቢያ እንጨት ነበር፣ ትል የበላበትን ቀዳዳ ደፍነው። ስፕሪንጉ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው፣ የአንገቱ ምልክቶች ከእናቱ የስፌት ሳጥን የወጡ የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ያ ጊታር በስታዲየም ውስጥ በመቶ ሺዎች ፊት ተደምጧል። «ከቆሻሻ የሠራው ድሃ ልጅ» ያለው የለም። አባትየው በኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ይቀርባል። ኒው ዮርክ፣ ካርማይን የሚባል መንገድ ላይ፣ ሪክ ኬሊ የሚባል ጊታር ሠሪ አለ። እንጨቱን የሚያመጣው ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ጣራ የተሸከመ የጥድ ወራጅ ሲወርድ ሄዶ ይሰበስባል። እነ ሉ ሪድና ቦብ ዲላን የእሱን ጊታር ይዘዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ፊልም ተሠርቶበታል። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም። እንጨት ሲቆረጥ ውስጡ ውሃና ሙጫ አለ። ሲደርቅ ይጠማል፣ ይሰነጠቃል። መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት ግን መጥመሙን በአብዛኛው ጨርሷል። ሊጠምም የነበረው አብዛኛው ጠሟል፣ ከዚህ በኋላ ይረጋጋል። ትልልቆቹ የጊታር ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ እንጨት አጥተው ሲቸገሩ ኖረዋል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ሮዝውድ የሚባለው የጊታር እንጨት ከአገር አገር ሲዘዋወር ፈቃድ እንዲጠየቅበት የሚያደርግ የዓለም አቀፍ ስምምነት ውሳኔ ሥራ ላይ ሲውል ብዙዎቹ ተደናግጠው ነበር።

አሁን ወደ እኛ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አሮጌ ቤት እንደፈረሰ ታውቃላችሁ። ፒያሳን ያየ አይቷል። መፍረስ ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍትም፤ በዚህ ቻናል ሌሎች በሰፊው ጽፈውበታል። እኔ የምጠይቀው እንጨቱ የት ሄደ ብዬ ነው። የእነዚያ ቤቶች ቋሚና ወራጅ ከባሕር ዛፍ በፊት የነበረ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ ነበረበት። ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት በቀላሉ አይገኝም። ቆርቆሮው በኪሎ ተሸጠ፣ ብረቱ በኪሎ ተሸጠ፣ በርና መስኮቱ ለሌላ ቤት ተሸጠ። ለበር የማይሆነው፣ የተሰበረው፣ ምስማር የበዛበት ደግሞ ማገዶ ሆነ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክምር ሆኖ፣ በጭነት ተሽጦ። የዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ መቶ ዓመት የደረቀ ጽድ ሲነድ ሽታው ደስ ይላል፣ አልክድም።

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የፈረሰ ቤት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ይሄዳል። ተፎካካሪው ሌላ ጊታር ሠሪ አይደለም፤ ማገዶ ነጋዴው ነው። እሱ ቀድሞ በመኪና ይደርሳል፣ ክምሩን እንዳለ ይገዛል። ልጁ ሁለት ቁራጭ ብቻ ልውሰድ ሲል «ምረጥ አይባልም፣ ሁሉን ውሰድ» ይባላል። ሁሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የሚተኛባት ክፍል አልጋ ሥር አሁን ስድስት ቋሚ አለ፤ አከራዩ «ምስጥ ልታስገባብኝ ነው» እያሉ ናቸው።

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ መንግሥት ያደራጀው፣ ሼድ ይስጠው» ሊለኝ ነው። ይስጠው፣ አልጠላም። ግን ምናለሽ ተራን ማንም አላደራጀውም፣ ቆራሌውንም። እነሱን ያቆማቸው ገዢ ነው። ጊታር የሚገዛ ሰው በዚህ ከተማ አለ። ምሽት ክበቦች አሉ፣ ባህል ቤቶች አሉ፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የአምልኮ ባንዶች አሉ፤ እነዚህ ደግሞ በየሰፈሩ ናቸው፣ ለቡም ሞልቷል። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዋጋ ሲጠየቅ «ያወጣኸው ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ ጆሮውን የሚያምን ሃያ ሰው ቢገኝ፣ ለአንድ ሠሪ የዓመታት ሥራ ነው። ሃያ ሰው ነው ያልኩት። ቪዲዮው ሥር የጻፉት ከዚያ ይበልጣሉ።

ወላጆቹ ዓረብ አገር ያለ ዘመድ ጋ ሊልኩት ይፈልጋሉ። እናቱ እኔን መካሪ አድርገው «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ንገረው እንጂ» ብለውኛል። ምን ልንገረው? እሳቸውም እውነት አላቸው። ቁምሳጥኑ የቤት ኪራዩን ይከፍላል፣ ጊታሩ ገና ምንም አልከፈለም። የመጀመሪያው ለጓደኛው በስጦታ ሄደ፣ ሁለተኛው በዱቤ ተወስዶ ዱቤው አልተመለሰም፣ ሦስተኛው እኔ ጋ ነው (ሙሉውን ከፍዬዋለሁ፣ ጠይቁት)፣ አራተኛው ግድግዳ ላይ ነው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ግን አምስተኛው አለ። ግማሹን ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ አንድ ቤዝ ተጫዋች ተገኝቷል። ሳይከራከር ነው የከፈለው። እንጨቱንም ራሱ ይዞ መጣ፤ ያደገበት ቤት ሲፈርስ አክስቱ ጋ አስቀምጦት የነበረ የጓዳ በር ነው። ልጁ ለካው። ውፍረቱ ሦስት ሳንቲሜትር ነው፣ ለቤዝ ከአራት በላይ ያስፈልጋል። ሰውየው ሌላ እንጨት አይግባበት አለ። ስለዚህ በሩን ለሁለት ቆርጦ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በኮላ አጣብቆታል። ትናንት ማታ ስሄድ በሞርሳ ታስሮ ነበር። ሦስት ቀን አይነካም ብሎኛል።